የተሾመ ሰው ሕሊና

ጥያቄዬ አጭር ነው። ደግ ሰው፣ ክፉ ሥርዓት «ና ተሾም» ቢለው ምን ይበል? እሺ ይበል ወይስ እምቢ? «ይሄማ የፈላስፎች ጨዋታ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። ነገ ዲግሪያችንን ይዘን ወንበሩ ላይ የምንቀመጠው፣ ማኅተሙንም የምንጨብጠው እኛው ነን።

ከአርባ ምንጭ ተነሥተን ዓባያን ወደ ሰሜን ካለፍን ወላይታ ነው። ከ1953ቱ ግርግር ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የወላይታ አውራጃ ገዥ ገርማሜ ንዋይ ነበር፤ አሜሪካ አገር በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ ሰው። ክፉውን ሥርዓት እያወቀ ሹመቱን ተቀበለ፤ ለመሬት አልባ ገበሬዎችም መሬት አከፋፈለ። ባለርስቶቹ ዝም አላሉም፤ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። ገርማሜም ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ ተላከ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአንድ ገዥ ደግነት በአንድ ዝውውር ቆመ።

ከዚያ በኋላ በውስጥ ሆኖ መጠገን እንደማይበቃ የደመደመ ይመስለኛል። በታኅሣሥ 1953 ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው በነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ላይ ተተኮሰ፤ 15 ያህሉ ሞቱ። ገርማሜ በዚያው ወር ሲሸሽ ሞተ፤ መንግሥቱም መጋቢት ላይ ተሰቀለ። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ የስድስት ኪሎ ተማሪ ደብተሩን ይዞ የሚመላለስበት ግቢ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የጀርመኑን ሊበራል፣ ቴዎዶር ሆይስን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1933 ለሂትለር ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ፣ በልቡ ሳያምንበት ከፓርቲው ጓደኞች ጋር ሆኖ ደገፈው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1949፣ የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1954 አፄ ኃይለ ሥላሴን የተቀበለውም እሱ ነበር። አሥር ዓመት በመልካም አገለገለ። ያቺ «እሺታ» ግን ከሕይወት ታሪኩ እንደማትፋቅ ራሱም አምኗል።

አንዱ «እሺ» ብሎ ተጸጸተ፤ ሌላው «እምቢ» ብሎ ደም ውስጥ ገባ። ታዲያ ማን ይሻላል? ለመፍረድ አልቸኩልም። የገርማሜ ስሕተት ለገበሬው ማዘኑ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ገበሬው መሬት አገኘ እንጂ መሬቱን የሚያስከብርበት ሸንጎ አላገኘም፤ ሰጪው ሲነሣ ስጦታው ጠባቂ አጣ። የታኅሣሡም ለውጥ በሕዝብ ስም ታወጀ እንጂ ከሕዝብ ጋር አልተመከረበትም።

የጋሞ ሰው ለዚህ ዱቡሻ አለው። የአገር ጉዳይ በአደባባይ ይመከርበታል። ሃላቃ የሚባለው ሹም ሹመቱን ሲቀበል ሀብቱን አውጥቶ ይደግሳል እንጂ ከሹመቱ አያከማችም። ጎሜ፣ ማለትም የነውር ጥፋት፣ ከተሸሸገ መዘዙ ለሌላውም ይተርፋል ተብሎ ስለሚታመን ይነገራል፤ ይናዘዙታል። ዱቡሻ እንከን የለውም አልልም፤ ሴቶችና ሸክላ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ከዳር ቀርተዋል። ቢሆንም በመስከረም 2011 እዚሁ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጣ ወጣት ንብረት ሊያወድም ሲነሣ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩለት፤ ወጣቱም ተመለሰ። በእጃቸው ጠመንጃም ማኅተምም አልነበረም እኮ!

እንግዲህ የእኔ መልስ ይህ ነው። ሹመት ሲመጣ እንቀበል፤ እምቢ የሚባልበት ቀን ሲደርስም በአደባባይ እምቢ እንበል፤ ስንሳሳትም አንሸሽግ። በየማታው ግን አንዲት ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፦ «ነገ ብነሣ ይህን የሠራሁትን ማን ይጠብቀዋል?» መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ገና አልሠራንም ማለት ነው።