የረገበው የማን ነው?

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሙዚቃ ጥናት እማር በነበረበት ጊዜ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ አዛውንት የክራር ተጫዋች ዘንድ ሄድኩ። የድምፅ መለኪያዬን አስጠግቼ የክራራቸውን ስድስት ክሮች አንድ በአንድ መታሁና ቁጥሩን አየሁ።

«አባባ፣ ሦስተኛው ክር ትንሽ ረግቧል» አልኳቸው።

«በምን አወቅህ ልጄ?»

«መሣሪያው ነው የሚለው።»

ሳቁ። «እንግዲያው መሣሪያህን ቃኘው» አሉኝና ትዝታቸውን ቀጠሉ።

እኔ ግን ጽሑፌ ላይ «ከትክክለኛው ቅኝት ያፈነገጠ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸውን ደግሞ «መረጃ ሰጪ ቁጥር 3» አልኳቸው። ጥሩ ውጤት አገኘሁ።

ለመሆኑ «ትክክለኛው» የማን ነው? መለኪያዬ የተሠራው፣ ኦክታቭን 12 እኩል ቦታ በሚከፍለው በፒያኖ ልክ ነበር። አሌክሳንደር ኤሊስ የተባለ እንግሊዛዊ እያንዳንዱን ክፍል ወደ 100 ሴንት ሸነሸነና የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ቅኝት ለካ። እ.ኤ.አ. በ1885 የደረሰበት ድምዳሜ፣ ተፈጥሮ ለሰው ልጅ ሁሉ የደነገገችው አንድ ቅኝት የለም የሚል ነው። የሚገርመው፣ ሰውየው ለሙዚቃ ጆሮው ደካማ ነበር። ሂፕኪንስ በተባለ የፒያኖ ባለሙያ ጆሮ እንደሚሠራ ግን አልደበቀም። እኔ ቁጥሩን ከእሱ ወሰድኩ፤ የሰው ጆሮ ማክበሩን ግን ተውኩት።

ታዲያ መለካት ኃጢአት ነው? አይደለም። የእኚህ ሰው ክራር ከሌላው በምን እንደሚለይ በወረቀት ማቆየት የሚቻለው በመለካት ነው። ክራርም በእርግጥ ይረግባል፤ ሲረግብ ግን ከእኔ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ጥፋቴ መለካቴ ሳይሆን መለኪያውን ዳኛ አድርጌ ማስቀመጤ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለ? «አዝማሪ» የሚለውን ስም ስድብ አድርጎ ባሳደገን አገር፣ ንቀቱን ይዤ የሄድኩት ከቤቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ቁጥር ጨመረልኝ እንጂ።

ጽሑፉ ዛሬም መደርደሪያ ላይ አለ። የሚያነበው ተማሪ እሳቸውን የሚያውቃቸው እንደ ስህተት ነው። ስማቸውን እዚህ ልጻፈው ብዬ ብዕሬን አነሣሁና ተውኩት። ያኔ «ስምዎ ይጻፍ ወይስ ይቅር?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። አሁን ልጠይቃቸው ብል ደግሞ እሳቸው የሉም።