የሞተሩ ቁጥር

አንድ ዕቃ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ቢለወጡ ያው ዕቃ ነውን? ይህ ጥያቄ ሥራ የፈቱ ፈላስፎች መጫወቻ ይመስለኝ ነበር። ሐርቡ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ እጄ በግራሶ ተለውሶ መልስ እስክጠየቅ ድረስ።

አባታችን ጥሎልን ካለፈው ጥቂት ንብረት አንዷ ፊያት 600 መኪና ናት። ሴይቼንቶ ነው የምንላት፤ በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ የአዲስ አበባ ሰው፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ስትሠራ ያስታውሳታል። ንድፏን ያወጣው ዳንቴ ጃኮዛ ሲሆን ለዓለም የታየችው በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1955) በጄኔቫ የመኪና ትርዒት ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ 633 ሲሲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ ደግሞ 767 ሲሲ። ቪየና የተወለደው ካርሎ አባርት ይህችኑ የድሃ መኪና ሞተሯን ወደ 847 ሲሲ አሳድጎ፣ የጊንጥ አርማ ለጥፎ፣ እሽቅድምድም አስገባት። ሞተሯ አየር እንዲያገኝ የኋላ ክዳኗ እንደተከፈተ ነበር የምትሮጠው።

አባቴም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ሲወጣ የኋላ ክዳኗን በእንጨት ደግፎ ይከፍተው ነበር። ስለ አባርት ሰምቶ አይመስለኝም፤ ውሃው እንዳይፈላበት ነው። እኔና እኅቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን የሞተሩን ጩኸት በጀርባችን እየሰማን እናድግ ነበር ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ ጉዞዋ ሞተሯ ጮኾ ቆመ። አባቴ ሳያሠራት አረፈ፤ እሷም ከግራር ሥር ቆማ ቀረች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻንና ደሴን ሲያዳርስ በድርቆሽ ሸፍነን ትተናት ሄድን። ስንመለስ እንደተሸፈነች አገኘናት። ከዚያ ሁሉ ከተረፈች እንግዲህ ትነሳ፣ አልን።

መካኒኩ አባቴ በሕይወት እያለ መኪናዋን ይጠግኑ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሞተሩ ሲወርድ ጉዱ ታየ። አንዱ ቢየላ ተሰብሮ የብሎኩን ጎን በስቶታል። ቴስታታው አሉሚኒየም ነውና ሙቀት አጣሞታል፤ እሱ ግን ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላግቶ ዳነ። ፒስተኑ ከነፋሻው፣ ብሮንዚኑ፣ ጓርኒሲዮኑ በአዲስ ተተካ። የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ የሚገርም ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመት ወረራው (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በዚህ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ሠርቶ ሲሄድ ቃላቱንም ጥሎልን ሄዷል። መንገዱ ስንት ጊዜ ተቆፍሮ ታደሰ፤ ቃላቱም በእኛ ምላስ ተሞርደው የኛ ሆኑ።

የተበሳው ብሎክ ግን የሚድን አልሆነም። ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሻጭ፣ የሌላ ሴይቼንቶ ብሎክ ገዝቼ መጣሁ። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥርና ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር አይገናኙም።

"ይህን እንፋቀውና የሊብሬውን እንምታበት፤" አሉኝ መካኒኩ፣ እንደ ቀላል ነገር።

"ውሸት አይሆንም ወይ ጋሼ?"

"ምኑ ነው ውሸቱ ልጄ? ኮሎውን ለአባትህ የቀየርኩለት እኔ ነኝ። የግራ በሩ የሌላ መኪና ነው። ካርቡራቶሩ የሌላ ነው። ያን ጊዜ የአባትህ መኪና አይደለችም ያለ ሰው አልነበረም። ዛሬ ብሎክ ስንቀይር ነው ውሸት የሚሆነው?"

ዝም አልኩ። መልስ ስላልነበረኝ ብቻ ሳይሆን ምክሩ ስለጠቀመኝም ነው። ውጭ አገር የሚኖር አንድ ያገር ልጅ መኪናዋን ሊገዛ ፈልጎ ነበር። በስልክ የጠየቀን አንድ ነገር ነው፤ "ሞተሩ የራሷ ነው?" የራሷ ከሆነ ጥሩ ዋጋ ይከፍላል። ግማሹ የእኅቴ ድርሻ ነው፤ እሷ ደግሞ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነች፤ የሚከፈለውም በእጇ የለም።

የመካኒኩ ክርክር አዲስ አይደለም። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ አቆይተው የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር። መርከቡ ያው ነው የሚሉና አይደለም የሚሉ ፈላስፎችም ተከራከሩበት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከረረው። አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢገጥምባቸውስ፣ የቴሴዎስ መርከብ የትኛው ነው? አለ።

እኛም የራሳችን ምሳሌ አለን። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ1997 ተከፋፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ዳግመኛ ቆመ። ተሰባብሮ የተጋጠመ ነውና ሌላ ሐውልት ነው የሚል ሰው አልሰማሁም። ያው ያደረገው ምኑ ነው? የት እንደነበረ፣ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደመጣ መታወቁ ነው። ታሪኩ አልተቋረጠም፤ አልተደበቀምም።

እንግዲህ መካኒኩ በአንድ ነገር እውነት አላቸው። መኪናዋ ያችው ናት። ብሎክ ስለተቀየረ የአባቴ መኪናነቷ አይቀርም። ሰው እንኳ አካሉ ከልጅነቱ ጀምሮ እየተለወጠ ስሙን ይዞ ይኖራል። ነገር ግን ቁጥሩ ስለ ብረቱ ያውነት የሚከራከር አይደለም። ቁጥር ቃል ነው፤ ምስክርነት ነው። "እኔና ይህች መኪና አብረን ከፋብሪካ ወጣን" ይላል። ክፍል መለወጥ ጥገና ነው፤ ምስክርን መለወጥ ግን ሌላ ሥራ ነው።

አባርትን መልሼ ላንሳ። ሰውየው መኪና ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፤ ተራ 600 ያለው ሰው ገዝቶ ሞተሩን የሚያጎለብትበት የመለዋወጫ ሣጥንም ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለችው መኪና ከፋብሪካው እንዳለ አልወጣችም፤ ባለቤቷ ይህን እስከተናገረ ድረስ ግን ማንንም አታታልልም። በ633 ሲሲው ሞተር ላይ ጊንጥ ብቻ ለጥፎ በአባርት ዋጋ የሚሸጠው ነው አታላዩ። ልዩነቱ ያለው ከብረቱ ላይ ሳይሆን ከሻጩ አፍ ላይ ነው።

ደግሞም ቁጥሩ ለምን ተመታ? መኪናው የጠፋበት ሰው አንድ ቀን "ይህ የኔ ነው" የሚልበት ማስረጃ እንዲኖረው ነው። የገዛሁት ብሎክ ከየት እንደመጣ በዓይኔ አላየሁም። ብፍቀው የማላውቀውን ሰው የመጨረሻ ምስክር በሞረድ አጠፋሁ ማለት ነው። ሌባው የሚሠራበትን መሣሪያ ለቅን ዓላማ ተዋስኩት ብል መሣሪያው አይቀደስም።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ነገርኳት። አዳመጠችኝና አንዲት ቃል ተናገረች።

"አንተ ንጹሕ እንድትሆን የምከፍለው እኔ ነኝ ማለት ነው?"

እውነቱን ለመናገር፣ ከፕሉታርክም ከሆብስም ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው። ስንቶቻችን ነን በሌላ ሰው ኪስ ጻድቃን የሆንን? በልጆቹ ረኀብ የማይጎነበስ አባት፣ በጓደኞቹ እስራት ጀግና የተባለ ሰው አላየንምን? እውነት መናገር የኔ ግዴታ ከሆነ ዕዳውም የኔ መሆን ይገባዋል።

ለገዢው ደወልኩና "ሞተሩ የራሷ አይደለም፤ ብሎኩ የሌላ ነው" አልኩት። አመስግኖ ዋጋውን ቀነሰ፤ አልፈረድኩበትም። የጎደለውን የእኅቴን ድርሻ ከራሴ ላይ ሞላሁላት። የቀረኝ ገንዘብ ለብሎኩ ካወጣሁት ብዙም አይበልጥም። ብሎኩን የሸጠልኝን ሰውዬ ፈልጌ በምስክር ፊት የሽያጭ ወረቀት አጻፍኩ፤ የሞተሩ ለውጥም ከብዙ ምልልስ በኋላ ሊብሬው ላይ ተመዘገበ።

መካኒኩ እስከ ዛሬ አላመኑልኝም። "ወላሂ፣ ለአንድ መዶሻ ሥራ ሁለት ወር አባከንክ" ይሉኛል። ቢሆንም ሞተሩ በተነሳ ዕለት ከእኔ በላይ ደስ ያላቸው እሳቸው ነበሩ። ገዢው ከመውሰዱ በፊት እኔና እኅቴ መኪናዋን ይዘን የደሴን ዳገት ወጣን። የኋላ ክዳኗን በእንጨት ደግፈን ከፈትነው። ድምፁ ያው የድሮው ነበር፤ ወይም እኛ ያው መሰለን።

የተበሳው ብሎክ ዛሬም ከግራሩ ሥር አለ። ቁጥሩ በግልጽ ይነበባል።