ከማኅበር ጽዋ ስለ ተለዩ ሕሙማን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ላይ አስተምሮ በወረደ ጊዜ ወንጌላዊው ማቴዎስ አስቀድሞ የጻፈልን ወደ እርሱ ስለ ቀረበው ለምጻም ነው (ማቴ. 8፥1-4)። በኦሪቱ ሥርዓት እንዲህ ያለ ሰው ከሰፈር ውጭ ለብቻው እንዲቀመጥ፥ ሰውም ሲቀርበው ርኩስ መሆኑን በገዛ አፉ እየጮኸ እንዲያስታውቅ ታዝዞ ነበር (ዘሌ. 13፥45-46)። ጌታችን ይህን ሰው በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ይቻለው ነበር፤ የመቶ አለቃውን ብላቴና በሩቅ ሆኖ በቃል እንደ ፈወሰው በዚያው ምዕራፍ ተጽፎ እናገኛለንና። ለለምጻሙ ግን ገና ሳይነጻ እጁን ሰደደለት፥ ነካውም። ስለ ምን እንዲህ አደረገ ቢሉ፥ የሰውየው ደዌ ሁለት ስለ ነበረ ነው፤ አንደኛው በቆዳው ላይ የወጣው፥ ሁለተኛውም የሰው እጅ የማይነካው ሆኖ መኖሩ። ሁለተኛው ደዌ በቃል ብቻ የሚለቅ አልነበረም።

ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን በአገራችን ቆላ የሚታየው ኑሮ ነው። በምዕራብ ጎንደር፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በወደቁበት በመተማ ምድር፥ ከሱዳን ወሰን ሳትርቅ ሽንፋ የምትባል ከተማ አለች። አገሩ ሰሊጥና ጥጥ፥ ማሽላም የሚበቅልበት ነው። ሰሊጥ እንደ ደረሰ ካልታጨደ ፍሬው ከቅርፊቱ እየፈነዳ በመሬት ላይ ስለሚረግፍ፥ ባለ እርሻው ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህም በየዓመቱ ከደጋው ጎንደር፥ ከጎጃም፥ ከወሎም እጅግ ብዙ ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ይወርዳል። ባለ ትዳሩ ከትዳሩ፥ ልጁም ከወላጁ ርቆ በዳስ ውስጥና በግራር ሥር ያድራል። ሥራ ፍለጋ የመጡ ሴቶችም በየጠላ ቤቱና በየቡና ቤቱ ይቀጠራሉ። ኤች.አይ.ቪ. የሚባለው የደም ደዌ የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው፤ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ሽንፋን በዓይኗ አይታ የማታውቀው ሚስቱ ታመመች፤ ከእርሷም የተወለደው ሕፃን ታመመ።

በዚያው ቆላ ካላዛር የሚሉት ሌላ ደዌ አለ። በሌሊት ከምትነድፍ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ይመጣል፤ በተሰነጠቀው ዋልካ መሬትና በግራሩ ሥር የተኛውን ሰው ትነድፈዋለች። ከዚያም ትኩሳት አይለቀውም፥ ጣፊያው ያብጣል፥ ሰውነቱ ይመነምናል። ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለበትን ሰው ካላዛር ይልቁን ይበረታበታል፥ ድኗል ከተባለም በኋላ ይመለስበታል፤ ሐኪሞችም ይህን ስለሚያውቁ ካላዛር የያዘውን ሰው ለኤች.አይ.ቪ. ይመረምሩታል። እንግዲህ ሁለቱ ደዌያት በአንድ ሰው ላይ፥ በአንድ አልጋ ላይ ተገናኙ እንበል። ጠያቂው ካላዛር መሆኑን ሲሰማ እግዚአብሔር ይማርህ ብሎ ከራስጌው ይቀመጣል። የሁለተኛውን ስም ሲሰማ ግን ነጠላውን ሰብስቦ ይነሣል። ሰውየው ያው ትናንት የነበረው ሰው ነው።

እንዲህ የሚያደርገው ሰው ሲጠየቅ፥ ይህ ደዌ የዝሙት ዋጋ ስለ ሆነ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን ዝሙትን መልካም ነው አላለችም፥ አትልምም። ነገር ግን ሰክሮ ከግራር ሥር ወድቆ ያደረውንና ካላዛር የያዘውን ሰው ስለ ምን በዚያ ተኛህ ብሎ የሚመረምረው የለም። ያችን በቤቷ ተቀምጣ ባሏን የጠበቀች ሴትስ ምን ብለን እንከሳታለን? ሕፃኑንስ? ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ሁለቱንም አልተቀበለም (ዮሐ. 9፥1-3)። በእርግጥ በገዛ ኃጢአቱ የታመመ አለ። ይህም ንስሐ ከገባ እንደ ማንኛችንም ንስሐ የገባ ሰው ነው፤ ከእኛ የሚለየው የእርሱ በደል በደሙ ምርመራ መታወቁ፥ የእኛ ደግሞ መሰወሩ ብቻ ነው።

ስለ ደዌው የታወቀውንም እንናገር፤ ካህን የማያውቀውን ነገር ሲያስተምር ብዙ ሰው ይጐዳልና። በኢትዮጵያ ደዌው መኖሩ የታወቀው በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሲሆን፥ ያን ጊዜ መድኀኒት አልነበረውም፤ ስሙም ከሞት ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የሚያስታግሠው መድኀኒት በአገራችን ያለ ዋጋ መሰጠት ጀመረ። አሁን ብዙው ሕመምተኛ የሚውጠው በቀን አንድ ፍሬ ነው። ከደም አያጠፋውም፤ ሳያቋርጥ ለሚወስደው ግን ተሐዋሲውን በምርመራ እስከማይገኝ ድረስ ያደክመዋል፤ እንዲህ የሆነለትም ሰው በሩካቤ ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ነፍሰ ጡር እናትም መድኀኒቷን ብትይዝ ጤነኛ ልጅ ለመውለድ ትችላለች። ደዌው በሰላምታ፥ ከአንድ መሶብ በመብላት፥ መስቀል በመሳለም ወይም ከአንድ ጽዋ በመጠጣት አይተላለፍም።

ከአንድ ጽዋ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ አጥቢያ የእመቤታችን ማኅበር ነበረ፤ በየወሩ በ21 ቀን ይሰበሰባሉ። ከማኅበርተኞቹ አንዲቱ መታመሟ በተሰማ ጊዜ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ዳቦውም እንደ ወትሮው ለሁሉም እኩል ተቈረሰ። ጽዋው ሲዞር ግን ለእርሷ በተለየ ዋንጫ ተቀድቶ ቀረበላት። ጠጥታ አመስግና ሄደች፤ በሚቀጥለው ወር አልመጣችም፥ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ያ ዋንጫ በኦሪቱ ዘመን ለምጻሙ ሲጮኸው የነበረውን ቃል በዝምታ የሚጮኽ ነው።

መታመሟስ ከማን ተሰማ? ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ለንስሐ አባቷ ብቻ ነግራ ነበር። የንስሐ አባት የሰማውን ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም የማይገልጥ መሆኑን ለካህናት ማስተማር አስፈላጊ መስሎ አይታየንም ነበር፤ ሆኖም እዝነዋለሁ ብሎ ለሌላ ሰው የሚያወራ አለ። ከዚህ ወዲያ ሕመምተኞች ቢደበቁ፥ መድኀኒታቸውን ለመቀበል የሚያውቃቸው ሰው ወደሌለበት ሩቅ ጤና ጣቢያ ቢሄዱ፥ መንገድ ሲዘጋም መድኀኒቱ ቢቋረጥባቸው በማን ላይ ይፈረዳል? ከትዳር ጓደኛው ደብቆ የሚኖር ሰው በደለኛ ነው፤ መደበቅን ያስተማርነው ግን እኛ ነን።

ስለ ጠበልም የሚጠይቁ አሉ። ጠበል የተጠመቀ መድኀኒቱን ይተው የሚል አጥማቂ ሲያጋጥም፥ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኀኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለ ሆኑ ሁለቱ እንደማይቃረኑ በይፋ ማስተማራቸውን ይወቅ። ሲራክም መድኀኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፥ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ጽፏል (ሲራ. 38)። ጾምን በሚመለከት፥ ፍትሐ ነገሥት የታመመውን ሰው አያስጨንቀውም፤ ከዚህም ሌላ መድኀኒቱን በቀን አንድ ጊዜ የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሰዓቱን ወደ ማታ ለማድረግ ይችላል። ለጋብቻ የደም ምርመራ የሚጠይቁ አጥቢያዎችም ውጤቱን ለሁለቱ ተጋቢዎች ብቻ ይተዉላቸው፤ በሰበካ ጉባኤ ጠረጴዛ ላይ የሚዞር ወረቀት አይሁን።

ከአባቶቻችን በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረውን ቅዱስ ባስልዮስን እናስታውስ። በቂሣርያ ከተማ አጠገብ የድኾችና የሕሙማን መኖሪያ አሠራ፤ ከከተማ ተባርረው የነበሩትን ለምጻሞችንም በዚያ ተቀበላቸው። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ስለ እርሱ ሲመሰክር፥ ባስልዮስ ከከበረ ወገን የተወለደ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን ሕሙማኑን እንደ ወንድሞቹ ይስማቸው እንደ ነበረ ይናገራል። በዚያ ዘመን ለለምጽ መድኀኒት አልነበረም፤ ደዌው እንዳይተላለፍ የሚያደርግ ነገርም አልታወቀም። ባስልዮስ ይህን ሁሉ እያወቀ ሳማቸው። እኛ ግን ጽዋው እንደማይጐዳን በተረጋገጠበት ዘመን ዋንጫ እንለያለን።

እንግዲህ በሽንፋም ሆነ በሌላ አጥቢያ ያላችሁ ካህናት አባቶች፥ ዝክር ለመባረክ ወደ ማኅበር ቤት ስትገቡ በአንድ ሰው ፊት የተለየ ዋንጫ ተቀምጦ ያያችሁ እንደ ሆነ፥ ስብከት ሳታበዙ ዋንጫውን አንሡት። ጽዋውን ባርካችሁ አስቀድማችሁ ለዚያ ሰው ስጡት፤ ከእርሱም እጅ ተቀብላችሁ ቀጥላችሁ ጠጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።