«ሙያውን ካስተማርኩት ደንበኛዬን ይወስድብኛል»



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ ወንድም «ኡስታዝ፣ ልጁን ጨርቅ መቁረጥ ካስተማርኩት ጎኔ ከፍቶ ደንበኛዬን ይወስድብኛል» አለኝ። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲተክልና ሻይ ሲያመላልስ ነው የቆየው።

ፍርሃቱ ይገባኛል፤ የሱቅ ኪራይ ቀልድ አይደለም። ግን ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) አስታውሱ። መድየን ላይ ከሽማግሌው ጋር ሲዋዋሉ ጊዜው ግልጽ ነበር፦ 8 ዓመት፣ በፈቃዳቸው ከሞሉት 10። በምላሹ የሚያገኙትንም ያውቁ ነበር። የኛ ለማጅ ግን መቀስ መቼ እንደሚይዝ እንኳ አያውቅም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር መልካም ሥራዎችን ሲነግሩ ባለሙያን ማገዝና ሙያ ለሌለው መሥራትን ቆጥረዋል (ቡኻሪና ሙስሊም)። ማስተማርማ ከዚህ በላይ ይዘልቃል።

«ጻፉት» አልኩት። ኪስ መቼ፣ ቅድ መቼ፣ ክፍያው ስንት። ከለመደ በኋላም አንድ ዓመት አብሮህ እንዲሠራ ተስማሙ፤ ፍርሃትህም ውሉ ውስጥ ይግባ። ለማጅ የሆንክ ወንድሜ፣ ለማጅ የሆንሽ እህቴ፣ ጊዜው ሳይደርስ የደንበኛ ስልክ ገልብጦ መውጣት አማና ማጉደል ነው።

ሰውየው ትናንት ደወለልኝ። «ክፍያውን ስንት ብዬ ልጻፍ?»

ልጁን ጠይቀው አልኩት።