ነፍሰ ገዳይን በሞት ስለ መቅጣት

ለሰው ልጅ ከተሰጠው ሥልጣን ሁሉ በሰው ነፍስ ላይ እንደ መፍረድ ያለ ከባድ ሥልጣን የለም። በርስትና በገንዘብ የተሳሳተ ዳኛ ዛሬ የነጠቀውን ነገ ይመልሳል፤ በእስራትም የተሳሳተ ዳኛ እስረኛውን ፈትቶ ይክሰዋል፤ በሞት የተሳሳተ ዳኛ ግን የሚመልሰው ነገር የለውም። ስለዚህ የሞት ቅጣት ጭካኔ ነውን ወይስ ቅን ፍርድ? የሚለው ጥያቄ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ካህኑ በንስሐ ልጁ ፊት፥ የከተማውም ሰው በለቅሶ ቤት ያገኘዋል።

ጥያቄውን የሚያደናግረው ሁለት ነገር በአንድ አፍ ስለሚጠየቅ ነው። ፊተኛው፥ በግፍ ነፍስ ያጠፋ ሰው ሞት ይገባዋልን? የሚል ነው፤ ሁለተኛው፥ ይህን ሞት በእጁ ሊሰጠው የሚገባ ሰው አለን? የሚል ነው። ብዙ ሰው ለፊተኛው አዎን ካለ በኋላ ለሁለተኛውም አዎን ማለት ግድ የሆነበት ይመስለዋል። ዳሩ ግን ለበደለኛው የሚገባው ነገር ሌላ ነው፤ ለፈራጁ የተፈቀደው ነገር ሌላ ነው።

የሞትን ቅጣት የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ለኖኅ የተሰጠው ሕግ የሰውን ደም ዋጋ በደም እንደ ተመነ ያሳስባሉ። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት የባለ ሥልጣን ሰይፍ ለከንቱ እንዳልተሰጠ ማስተማሩን ይጠቅሳሉ። በ13ኛው መቶ ዓመት የግብጹ ሊቅ ኢብን አል ዓሳል በዐረብኛ የሰበሰበው፥ ኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ ለኢትዮጵያ ነገሥታት መፍረጃ የሆነው ፍትሐ ነገሥትም የሞትን ቅጣት ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ደግሞ የሟች እናት አለች። ልጅዋ ከመቃብር በታች ሆኖ ገዳዩ ከፀሐይ በታች ሲመላለስ ስታይ፥ ፍርድ የት አለ? ብላ ብትጮህ ጩኸትዋ ከአቤል ደም ጩኸት ጋራ አንድ ነው። ሕዝቡም «የሞተ ተጎዳ» እያለ የሚተርተው እንዲህ ያለውን ነገር በመራራ ልብ እያየ ነው። ስለ ምሕረት የሚናገር ሰው አስቀድሞ ለዚህች እናት መልስ ሊኖረው ይገባል።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ይህችን እናት አልረሳትም ነበር። ነፍሰ ገዳይ በዳኛ ፊት ከተረታ በኋላ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ደመኛው ቢፈልግ ይገድለዋል፤ ቢፈልግ ጉማ፥ ማለት የደም ዋጋ፥ ተቀብሎ ይለቀዋል፤ ቢፈልግም ስለ እግዚአብሔር ብሎ ይምረዋል። የገዳዩ ወገኖች ደንጊያ በጫንቃቸው ተሸክመው፥ ካህናቱ መስቀል ይዘው፥ ሽማግሌዎቹም ተከትለው በሟች ቤት ደጅ ይወድቁ ነበር። በዚያች ሰዓት የምሕረት ጌታ ሐዘንተኛው ራሱ ነው፤ ስለ እርሱ ሆኖ የሚምር ሌላ ሰው የለም።

ይህን ሥርዓት ግን ያለ ነቀፋ ማመስገን አይገባም። ጉማ የሚከፍልለት ወገን ያለው ሲድን፥ ዘመድ የሌለው ድኻ በዚያው በደል ይሞት ነበር። ዕርቁም ያልተፈጸመ እንደ ሆነ ደሙ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ ቤትን ሁሉ ያጠፋ ነበር። ስለዚህ በ1923፥ በ1949 እና በ1996 ዓ.ም. የወጡት የወንጀል ሕጎች ነገሩን ከደመኛው እጅ ወደ መንግሥት እጅ ማዛወራቸው ታላቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን በዚህ ትርፍ ውስጥ አንድ ጉድለት ተሰውሮ ቀረ። ዛሬ በሐዘንተኛው ስም የሚገድለው እጅ የባዕድ እጅ ነው፤ በሐዘንተኛውም ስም የሚምረው እጅ የባዕድ እጅ ነው።

ይህ ጉድለት በደርግ ባለ ሥልጣኖች ጉዳይ ጐልቶ ታየ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ሥልሳ ያህል ሚኒስትሮች፥ መኳንንትና የጦር አለቆች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ዐፅማቸውም በክብር ያረፈው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን የሞተው ወጣት ብዙ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የፍርድ ነገር በ1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ከተፈረደ በኋላ፥ በይግባኝ በ2000 ዓ.ም. ወደ ሞት ተለወጠ። ከዚህ በኋላ የሃይማኖት አባቶች ለፍርደኞቹ ምሕረት ይደረግ ዘንድ ለመኑ፤ በግንቦት ወር 2003 ዓ.ም. ደግሞ ርእሰ ብሔሩ የ23ቱን ሰዎች የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። ከሟቾች ቤተ ሰብ ግን ብዙዎች፥ እኛን ማን ጠየቀን? ብለው አዘኑ።

በዚህ ነገር አባቶች ተሳስተዋልን? ስለ ሰይፉ መመለስ አልተሳሳቱም። የቤተ ክርስቲያን አባትዋ ተገድሎባት ስለ ገዳዮቹ ነፍስ መለመንዋ የክርስትና ሕግ ነው፤ እርስዋም ከሐዘንተኞቹ አንዲቱ ስለ ነበረች ስለ ራስዋ ሙት የመማር ሥልጣን ነበራት። ነገር ግን የሌላይቱን እናት ልጅ ደም ይቅር የማለት ሥልጣን ለፓትርያርክም፥ ለርእሰ ብሔርም፥ ለፍርድ ቤትም አልተሰጠም። መንግሥት ቅጣትን ሊያቀል ይችላል፤ ይቅር ማለት ግን የተበደለው ሰው ብቻ ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ የቈጠረ ሰው ሐዘንተኛውን ሁለተኛ ይበድለዋል፤ ይቅር ያላለውን ሰው፥ ይቅር ብለሃል፥ ይለዋልና።

ይህን ያስተዋለ ሰው የሞት ቅጣት ራሱም በዚሁ በደል እንደሚወድቅ ያያል። ገዳዩ በተገደለ ቀን ሁለት ደጆች ይዘጋሉ። አንደኛው የበደለኛው የንስሐ ደጅ ነው፤ ሁለተኛውም የሐዘንተኛው የይቅርታ ደጅ ነው። ሐዘንተኛው ዛሬ ይቅር ለማለት አይችል ይሆናል፤ ማንም ሊያስገድደው ወይም ሊያሳፍረው አይገባም። ከዐሥር ዓመት ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ልቡ ይለወጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ገዳዩ በሕይወት ከሌለ ይቅርታውን ለማን ይሰጣል? መንግሥት በእርሱ ስም ገድሎ፥ ከእርሱ በቀር ማንም ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ወስዶበታል።

ስለ ፍርሃትም የሚነገረው ነገር ሊመረመር ይገባል። ሞት ካልተፈረደ ክፉ ሰው አይፈራም ይላሉ። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ እንደ ቀይ ሽብር ዘመን ያለ የሞት ማስፈራሪያ አላየም። ሬሳ በየጐዳናው ሲጣል ያየው ልጅ ከዚያ የተማረው የሰው ነፍስ ርካሽ መሆኑን ነው እንጂ መግደል ክፉ መሆኑን አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በአዲስ አበባ በአደባባይ ተሰቀለ፤ የ1996ቱ ሕግ ግን የሞት ቅጣት በአደባባይ በመስቀል ወይም ኢሰብአዊ በሆነ በሌላ መንገድ እንዳይፈጸም ከልክሏል። ሥራው መልካም ትምህርት ከሆነ ከሕዝብ ዐይን የሚሰወረው ስለ ምንድን ነው? የሚያፍርበትን ሥራ የሚሸሽግ ሰው ሥራው ጭካኔ መሆኑን ልቡ ነግሮታል።

በቀድሞው ዘመን ጽኑ ወኅኒ አልነበረም፤ ተከሳሹ ከከሳሹ ጋራ በቍራኛ ይታሰር ነበር። እንዲህ ባለው ዘመን አገርን ከነፍሰ ገዳይ ለመጠበቅ ሰይፍ ግድ ይሆን ነበር ቢባል ምክንያት አለው። ዛሬ ግን የታሰረው ሰው ማንንም ሊጐዳ አይችልም፤ የታሰረውንም መግደል መከላከል ሊባል አይችልም። በ1986 ዓ.ም. በዘር ፍጅት የተጨረሰችው ሩዋንዳ በ1990 ዓ.ም. 22 ሰዎችን በአደባባይ ረሸነች፤ በ1999 ዓ.ም. ግን የሞትን ቅጣት ከሕግዋ ፋቀች። በአንድ ትውልድ ይህን ያህል ደም ያየ ሕዝብ ሰይፉን ወደ ሰገባው ከመለሰ፥ ሌላው ሕዝብ አይቻልም ብሎ ሊያመካኝ አይችልም።

ቤተ ክርስቲያን በስንክሳርዋ ለዚህ ነገር ሁለት ምስክሮች በተከታታይ ቀን አቁማለች። በሰኔ 24 ቀን ሙሴ ጸሊምን ታስባለች፤ እርሱ ወንበዴና ነፍሰ ገዳይ የነበረ፥ ኋላም በአስቄጥስ በረሃ የመነኰሳት አባት የሆነ ሰው ነው። በማግስቱ በሰኔ 25 ቀን ጲላጦስን ታስባለች፤ እርሱም ንጹሑን ለሞት አሳልፎ የሰጠ ዳኛ ነው። ሙሴ ጸሊም በውንብድናው ዘመን በሰይፍ ቢቀጣ ኖሮ ፍርዱን ማንም ዐመፅ አይለውም ነበር፤ ቅዱሱ ግን አይገኝም ነበር። ጲላጦስም እጁን በውሃ ቢታጠብ ፍርዱን ሊመልሰው አልቻለም። ገዳይ ሊለወጥ፥ ዳኛም ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አቡነ ጴጥሮስም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተረሸኑት የጣሊያን የጦር ችሎት ሞት ፈርዶባቸው ነው። ሰይፍ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ እስካለ ድረስ የሚመጣው ጌታ ሁሉ ያነሣዋል፤ ያም ጌታ ማን እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

ምናልባት አንድ ሰው ስለ ፈያታዊ ዘየማን ይጠይቅ ይሆናል። እርሱ ቅጣቱ እንደሚገባው መስክሮ፥ በዚያችው በመስቀሉ ላይ ገነትን ወረሰ፤ እንግዲህ ሞት ራሱ ወደ ንስሐ አያደርስምን? ይላል። መልሱ በግራ የተሰቀለው ነው። መስቀላቸው አንድ፥ ሰዓታቸውም አንድ ነበር፤ አንዱ ሲመለስ ሁለተኛው አልተመለሰም። እንግዲህ የቀኙን የመለሰው ቸርነት እንጂ ችንካር አይደለም። እግዚአብሔር በአንዲት ሰዓት ሊያድን መቻሉም፥ ሰው ለባልንጀራው የሚተርፈውን ዕድሜ ቈርጦ አንዲት ሰዓት ብቻ እንዲሰፍርለት ሥልጣን አይሰጠውም። የመጀመሪያውን ነፍሰ ገዳይ የፈረደበት ዳኛ ምስክር የማያስፈልገው እግዚአብሔር ነበረ፤ እርሱ እንኳ ቃየንን ያለ ቅጣት አልተወውም፤ ነገር ግን ማንም እንዳይገድለው ምልክት አደረገበት።

እንግዲህ ለዚያች ለሟች እናት የሚሰጠው መልስ ምንድን ነው? ገዳዩን ተዪው፥ እርሺው ማለት አይደለም። ገዳዩ ዕድሜውን ሁሉ ቢታሰር፥ የሠራውን በአደባባይ በገዛ አፉ ቢናዘዝ፥ የድካሙም ዋጋ ያለ ጧሪ ለቀሩት ቢሰጥ ፍርድ ይባላል። ስለ ምሕረት ሊለምኑ የሚሹ ካህናትም ወደ ቤተ መንግሥት ከመሄዳቸው አስቀድሞ፥ እንደ ጥንቱ መስቀል ይዘው በሐዘንተኛው ደጅ ሊቆሙ ይገባል። ያች እናት እንቢ ብትል እንባዋን አብረው ያልቅሱ፤ በሌላም ዓመት ይመለሱ። ገዳዩ በሕይወት ሳለ እነርሱም የሚመለሱበት ነገር አላቸው፤ እርስዋም የምትመልሰው ቃል አላት። ከተገደለ በኋላ ግን በዚያች ደጅ የሚቆም ሰው አይገኝም፤ ሁለት መቃብር ብቻ ይቀራል፤ ከሁለቱም አንዱ ሌላውን አላጽናናውም።