ፀሐይ የሁሉ ናት፤ ባትሪውስ የማን ነው?

ስለ ዲዮጋን ያልሰማ የፍልስፍና ወዳጅ የለም። በርሜል ውስጥ ይኖር ነበር ይሉናል፤ ነገሩ ግን ለወይን ጠጅና ለእህል ማስቀመጫ የሚያገለግል ትልቅ የሸክላ ጋን ነው (ለእኛ ጆሮ ስሙም ከቤቱ ጋር ይገጥማል)። ታላቁ እስክንድር ይህን ድኻ ፈላስፋ ሊያይ መጥቶ የሚሻውን እንዲጠይቀው ቢጋብዘው፣ ዲዮጋን የጠየቀው ንጉሡ ከፀሐዩ ላይ ዘወር እንዲልለት ብቻ ነበር። ይህን የጻፉልን ሰዎች ከሁለቱም ዘመን እጅግ ዘግይተው የኖሩ ስለሆኑ ነገሩ ታሪክ ይሁን ተረት አጥብቆ መከራከር አይቻልም። ይሁንና ቁም ነገሩ ግልጽ ነው። ፀሐይን ንጉሥ አይሰጥም፤ ንጉሥም አይነሳም። ሊያደርግ የሚችለው ነገር ቢኖር ፊቷ ቆሞ ማጥላት ብቻ ነው።

ዲዮጋን ግን ያልነበረው አንድ ነገር አለ፤ ማጠራቀሚያ። የሞቀው ፀሐይ ማታ ከእርሱ ጋር አያድርም። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሦስት ሳይንቲስቶች ከሲሊከን የተሠራና የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ስስ ነገር አቀረቡ። ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ፓኔል 20 በመቶና ከዚያም በላይ ይለውጣል፤ እንደ መጽሐፍ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ከመዳፍ ብዙም ያልበለጠ ባትሪም ይከተለዋል። እንግዲህ ፀሐይ ጋን ደጃፍ ላይ የምትሞቅ ነገር መሆኗ ቀርቶ በኪስ የምትያዝ ሀብት ሆነች ማለት ነው። ኪስ ደግሞ ባለቤት አለው። እኔም ልጠይቅ የተነሳሁት ይህንኑ ነው፤ የሁሉ የሆነች ፀሐይ ባትሪዬ ውስጥ ስትገባ የእኔ ብቻ ትሆናለች ወይ?

በዚህ ሃያ ዓመት ውስጥ አንዳንድ የአዲስ አበባ ወጣት ድንኳን ተሸክሞ መውጣት ለምዷል። ወንጪ፣ መናገሻ ሱባ፣ ላንጋኖ፣ አቅሙ የፈቀደም እስከ ባሌና ስሜን ተራሮች ድረስ። ሶላር ፓኔሉም ከድንኳኑ ጋር ተከትሎ መጥቷል። ሻጮቹ የሚሸጡልን ግን ፓኔሉን ብቻ አይደለም፤ ነፃነት ነው የሚሉን። ከሽቦው ውጡ፣ ከቆጣሪው ተላቀቁ፣ በማንም ላይ ሳትደገፉ ኑሩ ይላሉ። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር የተለየ ስም የለውም፤ «መብራት የሌለበት» እንላለን፤ አለቀ። ያው አንድ ሐረግ መብራቱን ትቶ የሄደውንም፣ መብራት ከነአካቴው ያላየውንም ያጠቃልላል።

መተውና ማጣት ግን አንድ አይደሉም። ጨለማው አንድ ነው፤ በጨለማው ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ይለያያሉ። አንደኛው እሑድ ማታ ወደ አምፖሉ ይመለሳል። ሔንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1845 እ.ኤ.አ. ዋልደን ኩሬ ዳር ጎጆ ቀልሶ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሲቀመጥ ከኮንኮርድ ከተማ የራቀው በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያህል መንገድ ነበር፤ ሥራውንም የጀመረው በተዋሰው መጥረቢያ ነው። ይህን የማነሳው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። መጥረቢያውን መዋሱን ራሱ ጽፎልናል። በእኛ አገር መናኝ የሚባለው ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ መመለሻውንም ይተዋል። እኛ ባለ ድንኳኖቹ መናኝ አይደለንም፤ ድኻም አይደለንም። ታዲያ ምንድን ነን?

ይህ ጥያቄ አፍጥጦ የመጣብኝ በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር መንዝ ጓሳ ላይ ነው። ጓሳ ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቅ፣ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሜዳና ተራራ ነው። ጭላዳው በመንጋ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ የታደለ ቀይ ቀበሮ ያያል፤ ጅብራው እንደ ዘበኛ ቆሟል። ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ መከላከያም ጌሳ ይሠራበታል። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ሲያስተዳድር ኖሯል (በቅርብ ዓመታት በሌላ ቋንቋና በሌላ ትርጉም ከሰማነው ስም ጋር እንዳይምታታ)። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፤ ከብት አይገባም። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ በደንቡ ያጭዳል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። የፈረሰው ሲታወስ ኖሮ ቆይቶ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት መልኩን ለውጦ ተመለሰ። እግዚአብሔር ያበቀለው ሣር ነውና ማንም እንዳሻው ይጨደው አልተባለም ማለት ነው። ይህን ልብ ይሏል፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

የያዝነው ፓኔል 21 ዋት የሚል ተጽፎበታል። ያንን የሚሰጠው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ጠራ ባለ ቀን ድንጋይ ላይ አስደግፈነው 13 ዋት ቢሰጠን ደስ ይለን ነበር። ባትሪያችን 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ስለዚህ ባዶውን ለመሙላት ስድስት ሰዓት ያህል የጠራ ፀሐይ ይፈልጋል። ደጋ ላይ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ፓኔሉ ብርድ ይወዳል፤ ሲቀዘቅዝ የተሻለ ይሠራል። ባትሪው ብርድ ይጠላል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቢሞላ ይጎዳል። ስለዚህ ቀን ፓኔሉን ለውርጭ ነፋስ ሰጥተን፣ ማታ ባትሪውን እንደ ጨቅላ አቅፈን እንተኛለን። ከተማ ቤቴ ስንት ኪሎ ዋት እንደምፈጅ የማውቀው ሒሳቡ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እዚያ ግን እያንዳንዷን ዋት ሰዓት በጣት ቆጠርኩ። ለእኔ የካምፒንግ ትልቁ ትምህርት ኮከቡ ሳይሆን ይህ ቆጠራ ነው።

በሁለተኛው ቀን ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንዲት እናት ስድስት እንቁላል በጭድ ጠቅልለው መጡ።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ፤ ይኼ ነገር ስልክ ይሞላል አሉኝ» አሉን።

ልጃቸው ዐረብ አገር ናት። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ባለፈው ዓርብ ስልካቸው ሞቶ ነበር። የሚሞላው መሐል ሜዳ ሱቅ ውስጥ በገንዘብ ነው፤ ደርሶ መልሱ ቀኑን ይፈጃል። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው።

አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። እርሳቸው እየሰሙ ምንም አላለም፤ ገለል ብለን ግን ተቃወመኝ። «የመግቢያውን ከፍለናል፤ ጠባቂም በቅሎም ቀጥረናል፤ ለአንድ ከሞላን ነገ አሥር ይመጣሉ። ቱሪስት እስክሪብቶና ከረሜላ እየበተነ ልጆቹን ለማኝ ያደረገው እንዲህ እያለ ነው» አለኝ። ከረሜላውን በተመለከተ ያለው እውነት ነው። ግን እኚህ ሴት አልለመኑም። እንቁላል ይዘው ነው የመጡት። እንቁላሉን አንቀበልም ብንል ኖሮ ለማኝ የምናደርጋቸው እኛው ነበርን። ተቀበልን፤ ስልኩንም ሰካነው።

ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው። በኋላ ሳሰላው ባትሪው አራት ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በፓኔላችን ቢለካ የግማሽ ሰዓት ፀሐይ የማይደርስ ጉልበት ነው። የእኔ ስልክ የዚያን አራት እጥፍ በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ የእርሳቸው ግን በዚያች ሳምንት ይከርማል። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ የፍትሕ ጥያቄ አድርገን የተነታረክንበት ጊዜ ስልኩ ከሚፈልገው ፀሐይ ሳይበልጥ አይቀርም።

ድሮ እሳት የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች። እሳት ልጫር ያለን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ሰጪው አንድ ፍም ቢያወጣ ምድጃው አይጎድልበትምና። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ ስለ ግዴታ ሲጽፍ ይህንኑ ነገር በምሳሌ አንስቶታል። የሚፈስ ውኃ፣ እሳትና ቅን ምክር ለማያውቁትም ሰው የማይነፈጉ ናቸው፤ ሰጪውን አያጎድሉትምና ይላል። ወዲያው ግን ያጥረዋል፤ የሚያጎድል ነገር ሲሆን ለራስ ወገን የሚተርፍ መጠበቅ እንደሚገባ ይጨምራል። በሲሴሮ ሚዛን ፀሐይ ከእሳት ወገን ናት። ባትሪ ግን ከእህል ወገን ነው። አንድ ቁና ስሰጥ ከጎተራዬ አንድ ቁና ይጎድላል። አዲሱ መሣሪያ ያመጣው የኅሊና ጣጣ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ለዘመናት እንደ ፍም ስንቀባበለው የኖርነውን ብርሃን እንደ እህል የሚሰፈር አደረገው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ስልኩ ገና ከሽቦው ሳይነቀል ጮኸ። እናቲቱ መንቀል እንደሚቻል አላወቁም፤ ድንጋዩ ላይ ተደፍተው፣ ከፓኔሉ አጠገብ፣ ሽቦው እንደተሰካ አነጋገሩ። እኛ ራቅ ብለን ቆምን። ጓደኛዬ ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር፤ አላነሳም። ይህን ስላላደረገ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ጓደኛዬ የፈራው ግን ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ስልክ መጣ። ቅዳሜ ደግሞ ጉም ነበር። በጉም ፓኔሉ ከአሥር እጅ አንዱን ቢሰጥ ነው። ባትሪው ውስጥ የቀረው ሩብ ያህል ነው፤ አራት ስልክ ቢሞላ ለእኛ ምንም አይተርፍም። እዚህ ላይ ቸርነት ብቻውን አይበቃም፤ ተራ ያስፈልጋል። ተራውን ማን ይወስን? ንብረቱ የእኔ ነው፤ ሕጉም ከእኔ ጋር ነው። ነገር ግን እኔ የማን ጉዳይ ከማን እንደሚበልጥ አላውቅም፤ ለማወቅም የእያንዳንዱን ሰው ጓዳ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። ለአራት ስልክ ብዬ የሰባት ሰው ዳኛ ልሆን? ጠባቂያችንን «ጋሼ፣ እርስዎ ይወስኑ» አልኳቸው። እርሳቸውም ከመጡት ውስጥ ዕድሜ ወዳላቸው አንድ አባት ዞሩ።

ሽማግሌው ብዙ አላሰቡም። ሚስቱ ሆስፒታል ሆና ወሬዋን የሚጠብቀው ይቅደም አሉ። ቀጥሎ በግ ሊሸጥ የገበያ ዋጋ የሚጠይቀው። ሦስተኛ ያደረጉት በስልኩ ዘፈን የሚሰማ እረኛ ልጅ ነው። «ለዘፈን?» አለ ጓደኛዬ በጆሮዬ። ሽማግሌው ሰሙት መሰለኝ፤ «ከሩቅ የመጣ እርሱ ነው፤ ቀኑንም ሙሉ ብቻውን ነው» አሉ። እኛ በዚያው ባትሪ ሁለት ቀን ሙሉ ጭላዳ ፎቶግራፍ ስናነሳ ከርመናል። የካሜራችን ጉዳይ ከልጁ ዘፈን የሚበልጥበትን ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። እነዚህ ሰዎች የአያቶቻቸውን ሣር በተራ ሲካፈሉ የኖሩ ናቸው፤ የጓሳን ሣር የለመደ ዓይን የእኔንም ባትሪ ያየው በዚያው ደንብ ነው።

ንጹሕ ጉልበት ነው፣ ማንንም አይነካም ስለሚባለውም አንድ ነገር ልበል። የዓለም ፓኔል አብዛኛው የሚሠራው ቻይና ነው፤ ብዙ ባትሪ ውስጥ የሚገባው ኮባልት የሚወጣው በአብዛኛው ከኮንጎ ምድር ነው። ገና ፀሐይ ሳይነካው የብዙ ሰው ጉልበት አለበት። «በማንም ሳልደገፍ» የሚለው ቃል ከፓኔሉ ካርቶን ላይ ቢነሳ ለእውነት ይቀርባል።

በበኩሌ ካምፒንግ ግብዝነት ነው የሚሉትን አልደግፍም። ድንኳኔን ብተው በጓሳ አንድም አምፖል አይበራም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የዓለም ባንክ የ2022 እ.ኤ.አ. አኃዝ ግን ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ያለ ኤሌክትሪክ እንደሚኖር ያሳያል። ይህን የሚያስተካክለው መንግሥትና ምሰሶ እንጂ የሽርሽረኛ ቦርሳ አይደለም። የእኔ ክርክር ከዚያ ያነሰ ነው። ጨለማውን ለመቅመስ የሄደ ሰው፣ ጨለማው ቤታቸው የሆነ ሰዎች መካከል ብርሃን ይዞ ተቀምጧል፤ ስለዚህ እንግዳም ቢሆን ለጊዜው ጎረቤት ሆኗል። ጎረቤት ደግሞ እሳት ይጫርበታል።

እሑድ ልንመለስ ስንሰናዳ ፓኔሉን ትተንላቸው እንሂድ ያለው፣ ይገርማል፣ ያው ጓደኛዬ ነው። እኔም እሺ ልል ነበር። ጠባቂያችን ፓኔሉን ገልበጥ አድርገው አዩና «በማን ቤት ይሰቀላል?» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ሲበላሽስ ማን ጋ ይኬዳል?» አሉ። መልስ አልነበረንም። በሚቀጥለው ዓመት ተመካክረው ቢያስቡበት እንደሚሻል ተነጋግረን ይዘነው ተመለስን። በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ወረርሽኝ መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነት፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በዚያ መንገድ ድንኳን ይዞ መጓዝ እንደ ያኔው አልሆነም። ፓኔሉ እኔ ቤት በረንዳ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ይሠራል።