ወንዛዬ ዳር

እህቴ ግሪክ አገር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ባለፈው በጋ አሮጊቷን ይዛ ኤቪያ ወደምትባለው ደሴት ሄዳ ኖሮ ፎቶ ላከችልኝ። ባሕሩ የመስከረም ሰማይ ይመስላል። ነጫጮቹ ቤቶች ዳሩን ይዘው ተደርድረዋል፤ አሸዋው ላይ ጃንጥላ ተተክሏል። የእኔ ዓይን ያረፈው ግን ጥግ ላይ ካለ ድንጋይ ነው። ቢጫና ቡኒ ቅርፊት ለብሷል፤ በላዩ ትኩስ ውሃ እየተንሸራተተ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ወንድምዬ፣ እዚህም ወንዛዬ አለ።»

ከተማዋ ኤዲፕሶስ ትባላለች። ሱላ የተባለው የሮማ ጦር መሪ እግሩን አሞት እዚያ ፍል ውሃ መታጠቡን ፕሉታርክ ጽፏል፤ ነገሩ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል። ያን ያህል ዘመን የታመመ ሰው ወደዚያ ባሕር ዳር ሲሄድ ኖሯል ማለት ነው።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ወንዛዬን፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለውን ፍል ውሃ ነው። እናቴን ቁርጥማት ጉልበቷን በያዛት ዓመት፣ ከደብረ ታቦር ብርድ ዝቅ ወዳለው የጉማራ ዳር ይዣት ወረድኩ። በሶና ቆሎ ቋጥረን፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ይዘን ነበር። የደረስነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከምንጩ የሚነሳው እንፋሎት ዛፎቹ ወገብ ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ሰዉ በውስጡ እንደ ጥላ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚናገር የለም። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ጉማራ ቀዝቃዛ ውሃውን ይዞ ይወርዳል። ሁለት ውሃ፣ አንዱ የሚያቃጥል አንዱ የሚያንዘፈዝፍ፣ ጎን ለጎን።

እግሬን ነክሬ ወዲያው አወጣሁት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እጄን ያዝ አደረጉና «ቀስ በል ልጄ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ውሃው ይልመድህ» አሉኝ። እኔ ውሃውን የምለምደው ነበር የመሰለኝ። እርሳቸው ከመጡ አራተኛ ቀናቸው ነበር። በመዳፋቸው እየጨለፉ ያበጠ ጉልበታቸው ላይ ያፈሱታል፤ ውሃው በቅልጥማቸው ወርዶ ሲያልቅ እንደገና ይጨልፋሉ። እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስማቸውን ሳትጠይቅ በፊት ቁርጥማቱ ከጀመራቸው ስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እዚያ ሰው የሚተዋወቀው በሕመሙ ነው።

አንዱ ጠበል ይለዋል፣ አንዱ ፍል ውሃ። እኔ ሁለቱንም ስም እቀበላለሁ። የምድር ጥናት የሚያውቁ ሰዎች እንደሚያስረዱት፣ ፍል ውሃ ማለት በብዛት ዝናብ ነው። በአለት ስንጥቅ ወደ ጥልቁ ይሰርጋል፤ በየኪሎ ሜትሩ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል እየጨመረ ከሚሄደው ምድር ግለት ይወስዳል፤ ከዚያ መውጫ ባገኘበት ይፈልቃል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ምንጩን ሳስብ ዝናቡን አስባለሁ። እኒያ እናት ጉልበታቸው ላይ ያፈሰሱት ውሃ የዘነበው ምናልባት እርሳቸው ሳይወለዱ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ በጨለማ ሲሞቅ ቆይቶ ነው እጃቸው የገባው።

አገር በፍል ውሃ ዳር ሲቆረቆርም አይተናል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ እዚያ ባልተመሠረተች ነበር። ወንዛዬ ከተማ አልወለደችም። ለእኔ ይህ ጉድለቷ አይደለም። ሳር ቤት ውስጥ መደብ ላይ አድረን፣ ሌሊት ወንዙን እየሰማን፣ እናቴ ከብዙ ወር በኋላ ሳታቃስት የተኛችው እዚያ ነው። ጉልበቷ ፈጽሞ አልዳነም። ስንመለስ ግን ዳገቱን በራሷ እግር ወጣች።

የእህቴን ፎቶ እንደገና አየሁት። የእኛ ምንጭ ወደ ጉማራ ይወርዳል፤ ከጉና ተራራ የሚነሳው ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ከጣና ዓባይ ይወጣል። ዓባይ በየአገሩ ግድብ ያርፋል፣ በረሃ ይጠጣዋል፣ ገበሬ ይቀዳዋል። ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ጠብታ የምትደርሰው ኤቪያን ከሚያጥበው ከዚያው ከሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ይህን ጻፍኩላት። «እንግዲያው እማዬ የታጠበችበት ውሃ ወደ እኔ እየመጣ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ከአገር ከወጣች ስድስተኛ ዓመቷ ነው።

ወንዛዬ የምትወርዱ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሳሙናችሁን ከምንጩ ራስ አርቁት፤ የላስቲክ ጠርሙሱንና ፌስታሉን ይዛችሁ ተመለሱ። ከእናንተ በታች ጉማራን በእንስራ የሚቀዳ ሰው አለ።